ያልቆፈርነው ምሽግ

ትእዛዙ ገሳይ ከተማ ላይ የደረሰን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመንገዱ በላይ ያለውን የድሮ ባላባት ግቢ ያዙ ተባልን። እኔ የጓድ መሪ ነበርኩ፤ ከሥሬ አሥር ሰው ነበረኝ።

ቤቱ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ፎቅ ነው። ሰገነቱ ወድቋል፤ የግንብ አጥሩ ግን ቆሞ ነበር። ግቢውን የሚጠብቁት አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

ከወይራዎቹ ሥር አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ምሽግ መቆፈር ጀመርን። ክንድ ያህል እንደወረድን የሰው አጥንት ወጣ። አያ ፈንቴ እየጮኹ መጡ።

«ተዉ ልጆቼ! እዚህ ያሉት የእኔ ሰዎች ናቸው።»

አያቶቻቸው ለባላባቱ በባርነት ሲፈጩና ውሃ ሲቀዱ ኖረው የሞቱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ወስዶ የሚቀብራቸው ስላልነበረ እዚያው ግቢ ውስጥ አፈር አልብሰዋቸዋል።

«በቁማቸው ዕረፍት አላዩም። አሁን እንኳ ይረፉ» አሉን።

ደሳለኝ የሚባል የእብናት ልጅ አካፋውን እንደያዘ አየኝ። «ሌላው መሬት አለት ነው። ጊዜም የለንም» አለ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን የሽማግሌውን ፊት አይቼ አልቻልኩም።

«ግንቡን ተከልለን እንይዛለን» አልኩ። ደሳለኝ አካፋውን ጣለ። ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ መለሰው።

አራት ሰዓት ላይ የጠላት ወታደሮች ተኩስ ከፈቱብን። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። አሥር ሰዓት ሲሆን ሞርታር መጣ። የመጀመሪያው ቤቱን አልፎ ወደቀ። ሁለተኛው ግንቡን አገኘው። ድንጋዩ በላያችን ተናደ።

ደሳለኝን እስከ ደረቱ ተቀብሮ አገኘሁት።

«እግሬ አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አመሻሽ ላይ ረዳት ጦር ደረሰ። ቦታውን አልለቀቅንም። ከአሥራ አንዳችን ስድስቱ ሞተዋል። አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን ቀደው የሟቾቹን ፊት ሸፈኑ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አሉ።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ አያ ፈንቴ» አልኳቸው።

ጦርነቱ ጋብ ሲል እብናት ሄጄ የደሳለኝን እናት አገኘሁ። ለቅሶው ሲበርድላቸው «ምሽግ አልነበራችሁም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ነበረን» አልኳቸው።

«እንግዲያ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉና እጄን ይዘው ቆዩ።

እናንተ ልጆች ስለዚያ ቀን ስትጠይቁኝ፣ ትእዛዜ ልክ ነበር ወይስ ስሕተት ለማለት ዛሬም አልደፍርም። ለደሳለኝ እናት ግን እውነቱን መናገር ነበረብኝ። በየዓመቱ ለዝክሩ ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ፤ ሳልነግራቸው እመለሳለሁ።