ገመዱን የያዘችው በግ

ባለፈው ሳምንት ከአገር ቤት የተላከልኝን ጤፍ ፍኖተ ሰላም ላይ በባጃጅ ጭኜ ስሄድ፣ መስታወቱ ላይ ከረባት ያሰረ አንበሳ ተለጥፎ አየሁ። ሹፌሩ እየሳቀ አሳየኝ፤ እኔ ግን የሻገተ ወረቀት ሽታ ውል አለኝና መሳቅ አቃተኝ።

ሽታው ከሽንዲ ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን በእርዳታ ከመጡት መጻሕፍት የአንዱ ነው። አያቶቻችን ሳይወለዱ የታተመ የፈረንጅ የእንስሳት ተረት ነበር፤ ቋንቋውን ባናውቀውም ሥዕሎቹ ይበቁናል፦ ቀበሮዋ መነጽር አድርጋ ትፈርዳለች፣ አህያው ወገቡ እስኪጎብጥ ተጭኖ ጌታውን ያመሰግናል። መምህር አድማሱ፣ ቀጭን ሆነው ሳቃቸው ከእሳቸው የሚገዝፍ ሰው፣ ሠዓሊው የዘመኑን ሹማምንት በስም መጥራት ቢፈራ ልብሳቸውን አውልቆ ለአውሬ አለበሰው ብለው አስረዱን። ከሁሉ የወደድነው ካባ የደረበ ተኩላ የበጎችን መስክ በገመድ ሲለካ ነበር። የገመዱን ጫፍ የያዘችለት አንዲት በግ ናት፤ ያውም በኩራት።

ጊዜው የመሬት ሽግሽግ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ሹመት ከነበራቸው ቤተሰቦች መሬት እየተቆረሰ ለሌሎች ይከፋፈላል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገመድ አስይዞ ከማሳ ማሳ ይዞራልና፣ ተኩላውን ባየን ቁጥር በሳቅ እንፈርሳለን። ከሁላችን አብልጣ የምትስቀው የገዛ ልጁ ነበረች፤ አንድ ቀን ራት ላይ እንደ ጥሩ ቀልድ አወራችለት። እሱም ሳቀ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ መምህር አድማሱንና ክፍላችንን በሙሉ ይዞ ወደ መምህሩ እናት ማሳ ወረደ። እስከዚያ ድረስ የእኒህን ባልቴት መሬት የነካው አልነበረም፤ ሟች ባላቸው በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ እንደነበሩ ግን ድንገት ታወሰ።

«መምህር፣ እስቲ ጫፉን ያዙልን» አላቸው በትሕትና። «በግ እንዴት እንደምትይዝ ለልጆቹ ያስተማሩ እርስዎ አይደሉ?»

እምቢ ቢሉ ለእናታቸው የምትቀረው ቁራሽም እንደምትሄድ ያውቃሉ። ያዙ። እናታቸው ደጃፍ ቆመው እያዩ፣ ቀዩን አፈር እየረገጡ ገመዱን እስከ ሾላው ዛፍ ሳቡት። ሊቀመንበሩ ወደ እኛ ዞር ብሎ ለምን እንደማንስቅ ጠየቀን። ፈርተን ሳቅን፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያለቀሰችው የእሱ ልጅ ብቻ ነበረች።

መምህር አድማሱ ከዚያም በኋላ ለዓመታት አስተማሩን፤ መጽሐፉን ግን ዳግም አልከፈቱትም፣ ያን ግዙፍ ሳቃቸውንም የሰማ የለም። ከእናታቸው ከተቆረሰው መሬት ግማሹ ለአባቴ ደረሰው። ጥሩ መሬት ነው። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ የጫንኩት ጤፍም የበቀለው እዚያ ነው።