የሪጅ ክንድ ምስክሮች

ቨርሊን ኦዴል የኮተን ፎርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ጠባቂ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሣሩን አጭዷል፣ ነጩን መስመር ቀብቷል፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር የኦቾሎኒ ቅርፊት ጠርጓል። በምዕራብ ቴክሳስ ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቢቀር ሰበብ ይፈለግለታል፤ ዓርብ ምሽት ሜዳ ቢቀር ግን ወይ ሞቷል ወይ መንገደኛ ነው። በዚህ ሒሳብ ቨርሊን ከከንቲባው ብዙም እንደማያንስ ያምናል። ከንቲባው እንዲህ ማመኑን አያውቅም።

በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቡርል ዶናት ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ይሰየማል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ሙሉ ዋናው ወሬ የሪጅ ማካልፒን ቀኝ ክንድ ነበር። ሪጅ ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን እየወረወረ ቡድኑን የሚመራው እሱ ነው። ገና የከተማው ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ተንበርክኮ ሃምሳ ያርድ፣ አርባ አምስት ሜትር ያህል፣ ወረወረ ተባለ። ኮሌጅ ሲገባ ያችው ውርወራ ስልሳ ሆነች። ኮሌጁ በተሸነፈ ቁጥር ውርወራዋ እየረዘመች ሄዳ፣ ዘንድሮ ትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡበት ድራፍት ሲቃረብ ሰባ አምስት ገባች። ሰባ አምስት ያደረሳት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ሜዳውን በየሳምንቱ በሜትር ገመድ የሚለካው ቨርሊን ራሱ ነው።

ማስረጃም አለው። የውጤት ሰሌዳው ግርጌ ላይ የሪጅ ኳስ ያጎደጎደችው ቦታ አለ። ቨርሊን አላስጠገነውም፤ እንዲያውም ዙሪያውን በነጭ ቀለም ከቦታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይወስድና ያሳያል። ኳሷ ለማን ተወርውራ እዚያ እንደደረሰች ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሰሌዳው የሚበልጠው ማስረጃ ግን ጣት ነው። በኮተን ፎርክ የሪጅን ኳስ ሲቀበል ጣቱ የተሰበረ ሰው የተከበረ ነው። ቡርል በቤተ ክርስቲያን ሽርሽር ላይ የተሰበረች ትንሿን ጣቱን ከዶናት ሣጥኑ ላይ ቀሰር አድርጎ ነው ደንበኛ የሚያስተናግደው። ፓስተሩ ሲባርክ ሁለት ጣቱ ወደ ጎን ይሄዳል። የመድኃኒት ቤቱ ሆሊስም የጠመመ አውራ ጣት አለው፤ በመኪና በር ነው የተያዘው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ከጠረጴዛው ሰዎች መካከል ጣቱ ቀጥ ያለ ቨርሊን ብቻ ነበር፣ ይህም ያሳፍረው ነበር።

የሪጅን ኳስ ከማንም በላይ የተቀበለው የቨርሊን ልጅ ሮይስ ነው። በመጨረሻው ዓመት ብቻ ስልሳ አንድ ጊዜ ይዟል። ሮይስ ግን ጣት የማሳየት ነገር አይሆንለትም፤ እጁን ከኪሱ የማያወጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በግዛቱ ግማሽ ፍጻሜ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ሰከንድ ሲቀረው ሮይስ ከተጋጣሚው ማንም ሳይጠብቀው ከግቡ መስመር ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። ሪጅ ፊት ለፊቱ ነው። እንቁላል እንደሚያቀብል ሰው ቀለል አድርጎ ቢሰጠው ኮተን ፎርክ ለፍጻሜ ያልፋል። ሪጅ ባለ በሌለ ኃይሉ ለቀቀው። ኳሷ የሮይስን እጅ መትታ ወደ ሰማይ ወጣች፣ መሬት ወደቀች፣ አለቀ።

ሰኞ ማለዳ ቨርሊን ዶናት ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሁሉም ቡናው ውስጥ አቀረቀረ። ቨርሊን ስድብ ይችላል፤ ዝምታ ግን አይችልም።

"ምን ላድርግ ጎበዝ!" አለ እጁን ዘርግቶ። "ወንድ ልጅ አሳደግኩ ስል፣ ለካስ የሳሙና እጅ ነው ያሳደግኩት!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሆሊስ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ፤ ቡርል ትኩስ ዶናት በነፃ አቀረበ። ቨርሊንም እፎይ ብሎ ዞር ሲል ሮይስ በሩ ላይ ቆሟል። አባቱ ቤት የረሳውን የመኪና ቁልፍ ይዞለት ነበር የመጣው። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ "ሳሙና" የሮይስ ስም ሆነ። ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አማሪሎ ሄዶ የነፋስ ኃይል ማማዎች ላይ ተቀጠረ። ዘጠና ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ብሎን ያጠብቃል። እጁ ሳሙና የሆነ ሰው እዚያ ላይ እንዴት ውሎ እንደሚገባ ዶናት ቤት ውስጥ ያሰበ አልነበረም። ቤተሰብ ሁሉ የሚሰበሰብበት የምስጋና ቀን በዓል አራት ጊዜ አለፈ፤ ሮይስ አራቱንም አልመጣም። እሑድ እሑድ ለእናቱ ይደውላል፤ ስልኩ ለአባቱ ሲደርስ ወሬው አንድ ነው።

"ነፋሱ እንዴት ነው?"

"አለ።"

"ሥራስ?"

"አለ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቨርሊን ደግሞ መርሳቱ ብቻ አይደለም፤ ልጁ የማይመጣው ማማ ላይ በመውጣቱ ኮርቶ ይመስለው ነበር። ሚስቱ ኔልዳ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ "ለሌላ ሰው ልጅ ክንድ ስትዘምር የራስህን ልጅ ጣልከው" አለችው። ቨርሊን የሣር ማጨጃው ዘይት አልቋል ብሎ ወጣ።

መጋቢት ላይ ሚስተር ዱሴት የሚባል መልማይ መጣ። ሥራው ከድራፍቱ በፊት አገር ለአገር እየዞረ የተጫዋቾችን ጉድ ማጣራት ነው። እነዚህ ሰዎች ልማድ አላቸው፤ አሠልጣኙና ርዕሰ መምህሩ አሞግሰው ሲጨርሱ ወደ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ፣ ወደ አውቶቡስ ነጂውና ወደ ሜዳ ጠባቂው ይሄዳሉ። ቨርሊን ቀኑን ሲጠብቀው ነበር። በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ወሰደው።

"ይቺን ይመልከቱ ጌታዬ። ሰባ አምስት ያርድ! ያውም ተንበርክኮ።"

ሚስተር ዱሴት ጉድጓዷን ሳይሆን ሜዳውን አየ። "ሩቅ እንደሚወረውር አውቃለሁ" አለ። "ቅርብ መወርወር ይችላል ወይ? እሱን ነው የምጠይቅዎ።"

"ቅርብ?"

"ያ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የወደቀው ኳስ። ተቀባዩ ምን ያህል ይርቀው ነበር?"

ቨርሊን ስለ ክንድ ይዋሻል እንጂ ስለ መስመር ዋሽቶ አያውቅም። "አራት ያርድ" አለ።

"ኳስ ቀለል አድርጎ ሲሰጥ አይተውታል?"

ቨርሊን በጥያቄው ተናደደ። "እንዲህ ያለ ክንድ ያለው ሰው ምን ሊያደርግለት ነው ቀለል የሚያደርገው?"

ሚስተር ዱሴት ደብተሩን ዘጋ። "ልክ ነዎት። ከዚህ የበለጠ የነገረኝ የለም" ብሎ ጨበጠው። ቨርሊን በማግሥቱ ዶናት ቤት ገብቶ፣ "ነገሩን ጨርሼዋለሁ፤ አንደኛው ዙር ላይ ይጠራል" ሲል አስታወቀ። ቡርል ሌላ ዶናት በነፃ አቀረበ።

የድራፍቱ ቀን ከተማው እንደ ሠርግ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ፤ ከበስተኋላ ብሪስኬት የሚሉት የበሬ ፍርምባ ከትናንት ጀምሮ ይጤሳል። ሪጅ ስሙ ሲጠራ ከወገኖቹ ጋር ሆኖ ሊሰማ መጥቷል። ከሰዓት በኋላ ከቴሌቪዥን የመጣችው ጋዜጠኛ፣ ሪጅ በልጅነት ሜዳው ላይ ለአንድ የከተማው ሰው ኳስ ሲወረውር ልቅረጽ አለች።

ያኔ ነበር መታየት የነበረበት። ቡርል ምድጃ ላይ የተወው ነገር ትዝ አለው። ፓስተሩ ጉልበቱን ያመው ጀመር። ሆሊስ፣ "እኔማ ድርሻዬን ተቀብያለሁ" ብሎ አውራ ጣቱን አሳየ።

"እኔ አለሁ!" አለ ቨርሊን። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ልቡ እንደ ልጅ ዘለለ። በመጨረሻ እሱም ጣት ሊኖረው ነው። ራሱ የቀባው የግብ መስመር ላይ፣ ካሜራዋ ባለችበት፣ ከሪጅ አራት ያርድ ርቆ ቆመ። ቦታዋን ያወቃት ከቆመ በኋላ ነው። ሮይስ የቆመባት ቦታ ናት።

ሪጅ ጨዋ ልጅ ነው። "ሚስተር ቨርሊን፣ አይፍሩ" አለ። "ቀስ አድርጌ ነው የምሰጥዎ።"

ቨርሊን እጁን ዘረጋ። ኳሷን ስትመጣ አላያትም። ጣቱ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማ፤ ቀጥላ ኳሷ ደረቱን መታችው፣ እሱም በጀርባው ሣሩ ላይ ተዘረረ። ኳሷ ከመስመሩ ወዲያ ተንከባልላ ሄደች። ከዚያ የቡርል ድምፅ መጣ።

"ሳሙና! ለካስ ልጁ በአባቱ ነው የወጣው!"

መቀመጫው ሁሉ በሳቅ ተናጋ። ቨርሊን መሬት ላይ እንደተጋደመ ያን ሳቅ አወቀው። ከአራት ዓመት በፊት የገዛ አፉ ያወጣው ነው። ከአፍ የወጣ ነገር ዞሮ እስኪመጣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አስቦ አያውቅም ነበር። ሰማዩን እያየ አፈረ፤ እንደዚያ ቀን በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም።

ሪጅ ሮጦ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ይቅርታ ሚስተር ቨርሊን። ይቅርታ።"

"አንተ ልጅ፣ ቀስ ያልከው ይሄን ነው?"

"አዎ ጌታዬ። ከዚህ በታች የለኝም። ሞክሬ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከሮይስ ሌላ በቅጡ የያዘልኝ የለም። ኮሌጅም እንደሱ ያለ አላገኘሁም። ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለአሠልጣኙ ነግሬዋለሁ፤ መልማዮች እንዳይሰሙህ፣ ሁለተኛ እንዳትለው አለኝ።"

ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኗን ይዛ ደረሰች። "ሚስተር ኦዴል፣ ይህን ድንቅ ክንድ በእጅዎ ሲቀምሱት ምን ተሰማዎ?"

ቨርሊን ተነሥቶ ተቀመጠ። ቡርልን አየ፣ ሆሊስን አየ፣ ነጭ ቀለም የከበባትን ጉድጓድ አየ።

"ልጄ ሮይስ ኦዴል ይሄን ስልሳ አንድ ጊዜ ይዟል" አለ። "እኔ አንዱን አልያዝኩም። የሳሙና እጅ ብሎ ስም ያወጣለት ደግሞ ማንም አይደለም፣ እኔ አባቱ ነኝ። ክንዱ እውነት ነው፤ ሰባ አምስት ያርዱ ግን ውሸት ነው። ሃምሳም ስለመሙላቱ እንጃ። የለካሁት እኔ ነኝ።"

በዚያ ምሽት በአንደኛው ዙር ሠላሳ ሁለት ስም ተጠራ፤ የሪጅ ስም አልነበረበትም። ብሪስኬቱ ቀዘቀዘ። ጂሙ ውስጥ ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ አልተደከመም። ኳሱን ለአራት ያርድ ቀለል ማድረግ ያልቻለው ክንድ ሳይሆን የቨርሊን ምላስ ነው ልጁን የጣለው ተባለ። ሆሊስ አውራ ጣቱን እያወዛወዘ፣ "አባት ሜዳ ላይ ጣለን፣ ልጅ ሜዳ ላይ ጣለን" አለ። ቨርሊን ያበጠ ጣቱን ለማንም ሳያሳይ ወጣ።

ቤት ገብቶ ኔልዳ ሳትጠይቀው ስልኩን አነሣ። ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ደውሎ አያውቅም።

"እማዬ ደህና ናት?" አለ ሮይስ ደንግጦ።

"ደህና ናት። ሮይስ... ዛሬ የሪጅን ኳስ ልቀበል ቆሜ ነበር። አንዲት ብቻ። አልያዝኳትም።"

ከወዲያ በር ተዘግቶ የነፋሱ ድምፅ ቀነሰ።

"የት ጋ ነው የቆምከው?"

"አንተ የቆምክበት።"

"ጣትህን ነው የመታህ?"

"የቀለበት ጣቴን። ክፉኛ አብጧል።"

"ከመካከለኛው ጣት ጋር አንድ ላይ በፕላስተር እሰረው አባዬ። ጠበቅ አድርገህ። እኔ እንደዛ ነበር የማደርገው።"

"መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

ቨርሊን ወንበሩን በደህና እጁ ሳበና ተቀመጠ። "ያን ቀንስ?"

"ያን ቀን የታሰሩት ሦስት ነበሩ።"

"ሦስት ጣት ተሰብሮ... ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትነግረኝ?"

"ብነግርህ" አለ ሮይስ፣ "ዶናት ቤት ወስደህ ታሳየኛለህ ብዬ ነው።"

ቨርሊን እጁን ወደ ኔልዳ ዘረጋ። ኔልዳ ፕላስተሩን ይዛ መጥታ ጣቱን ስታስር ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ነበር። ከወዲያም አልተዘጋም።