ራዲዮኑ የበላት «አ»

ከመቱ የተነሳነው በዝናብ ነው። የሰፈርንበት የሰሜን ግንባር ግን ድንጋይና አቧራ ብቻ ነበር። ጊዜው የኤርትራው ጦርነት ነው። የኛ ቡድን ሥራ፣ ከአንድ ኮረብታ ጀርባ ባለች ጠባብ ሜዳ ላይ ቁስለኛ የሚያነሱ ሄሊኮፕተሮችን በራዲዮ ማሳረፍ ነበር። አብራሪው ከላይ ሆኖ ከጭስ በቀር ብዙም አይታየውም፤ የምንነግረውን አምኖ ይወርዳል። ራዲዮኑን የሚይዘው ጫላ ነው፣ በመቱ አቅራቢያ ያለችው የሁሩሙ ከተማ ልጅ። እኔ ባትሪውን ተሸክሜ ከጎኑ ነኝ።

ጫላ የጦር መኮንኖችን «አንተ» ማለት አይሆንለትም። ሁልጊዜ «ይውረዱ»፣ «ይነሱ» ነው። አስር አለቃችን «እዚህ ሽምግልና አልተቀመጥንም፣ አሳጥረው!» እያለ ይቆጣዋል። ጫላ ግን ልማዱን አልተወም።

አንድ ቀን ከንጋት ጀምሮ በመድፍ ተደበደብን። ረፋድ ላይ ቁስለኞቹን በሜዳው ጠርዝ አስተኛናቸው። አንዱ ኡመር ነበር፤ አባቱ ኡካ ከተማ ሱቅ ያላቸው፣ ከጫላ ጋር በአንድ ምሽግ የሚያድር። ሆዱን ተመትቷል። የሄሊኮፕተሩን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ።

ሄሊኮፕተሩ ሲቃረብ አንድ የመድፍ ጥይት ሜዳው መሃል ወደቀ። ሌላም ተከተለ። ጫላ ራዲዮኑን አንስቶ «አይውረዱ!» አለ።

«ይውረዱ ብለሃል። እየወረድኩ ነው» አለ አብራሪው።

ክው አልን። ያ ራዲዮ የመናገሪያ ቁልፉን ገና ሲጫኑት የመጀመሪያዋን ድምፅ ይበላል። «አ»ን በላትና ክልከላው ፈቃድ ሆነ። አብራሪው የሰማውን መልሶ ባይነግረን ኖሮ ምን እንደሰማ አናውቅም ነበር።

ጫላ ቁልፉን ተጭኖ ትንሽ ቆየ። «ተመለስ! ሜዳው እየተመታ ነው፣ ተመለስ!»

«ተመለስ ብለሃል። ተመልሻለሁ።»

ከአናታችን በላይ ታጥፎ ሄደ። ቀጣዩ የመድፍ ጥይት የወደቀው እሱ ሊያርፍበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።

ኡመር ድምፁ ሲርቅ ሰማ። «ጫላ፣ ሄደ እንዴ?»

«ኒ ዴቢኣ» አለው በኦሮምኛ፤ ይመለሳል።

ተመለሰም። ድብደባው ጋብ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ። ኡመር ግን እስከዚያ አልቆየም። አብራሪው ሻምበል ነበር። ቁስለኞቹ ሲጫኑ ወርዶ ጫላን ፈለገው።

«ተመለስ ያልከኝ አንተ ነህ?»

«አዎ ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ከእንግዲህም አንተ በለኝ። በ«አይ» የሚጀምረውንም ተወው። ወይ ቆይ፣ ወይ ተመለስ።» እስከ መጨረሻው እንደዚያው አደረግን።

ጦርነቱ አልቆ ስንመለስ ለቅሶ ልንደርስ ኡካ ሄድን። የኡመር አባት በሱቃቸው በራፍ አስቀምጠው ሻይ አስመጡልን።

«ሄሊኮፕተር አልመጣለትም?» አሉ።

ጫላ መሬት መሬት እያየ «መጥቶ ነበር፣ ጋሼ። የመለስኩት እኔ ነኝ» አለ። ምክንያቱን እኔ ነገርኳቸው።

«ሄሊኮፕተሩ ላይ ስንት ሰው ነበረ?» አሉ።

«አራት።»

ሻዩን ወደ እኛ ገፋ አድርገው «ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ጠጡ እንጂ» አሉን።

ሄሊኮፕተሩን በመለስንበት ቀን በሜዳዋ ጠርዝ ኡመርን ጨምሮ ሦስት ሰው ቀበርን። አራቱ የሄሊኮፕተሩ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። እናንተ ልጆች ስለ ጦርነት ስትጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ የምነግራችሁ የለኝም። ጫላ ልክ ነበር። ኡመርም ሞተ።