ስም ያልወጣላት ምራት

የእናቴ ተረት አንድ ነበር፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። ወተት ሻጯን ትጠረጥራለች፣ ደመናውን ትጠረጥራለች፣ እኔን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትጠረጥራለች። በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት ላይ፣ ወንድሜ ቢላ ከሚባል የኦሮሞ አገር ሚስት ሲያመጣ ግን ጥርጣሬዋ ዋና ሥራ አገኘ።

ባኬ ጃማ ሰፈር የምንኖር የጎጃሜ ቤተሰብ ነን። አባቴ ዓባይን ተሻግሮ የመጣ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። በእኛ ወግ አማት ለምራቷ አዲስ ስም ታወጣለች፤ ሙሽራዋ በዚያ ስም ከተጠራች ወዲያ የቤቱ ልጅ ናት። እናቴም ስሙን ቀድማ መርጣ፣ ለማንም ሳትነግር በሆዷ ይዛው ነበር። ሰርጉ አለፈ፣ ቅልቅሉ አለፈ፣ ስሙ አልወጣም። ምክንያቱም ሙሽራዋ የአባቴን ስም አትጠራም።

መጀመሪያ የነቃሁባት እኔ ነኝ፤ መጠርጠር በዘር ሳይተላለፍ አይቀርም። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ይህ የማን ቤት ነው ሲላት «የጃርሳው» ትላለች፤ የሽማግሌው ማለቷ ነው። የትኛው ሽማግሌ? ሰፈሩ እንደሆነ በሽማግሌ የተሞላ ነው! ይባስ ብሎ ስሙን የሚመስል ቃል ሁሉ ትሸሻለች። ገብስን «ያ እህል»፣ ገበያን «የሰው መሰብሰቢያ» ትላለች። ከዚህ በላይ ከተናገርኩ የአባቴን ስም ታውቁብኛላችሁና ይብቃኝ።

እናቴ ወጥመድ ማጥመድ ጀመረች። የአባቴን ከዘራ አንስታ የማን ነው ትላታለች። የእሳቸው ነው ትላለች። እሳቸው ማን? ሙሽራዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ትሰበስባለች። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት የኦሮሞ ባልቴት መጥተው አስረዱን። ላጉ ይባላል አሉ፤ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ከጠራች ነውሩ እናቷ ቤት ድረስ ይሄዳል፣ ነገሩ ክብር ነው እንጂ ንቀት አይደለም አሉ። እናቴ በአክብሮት ሰማቻቸው፣ እስከ በር ሸኘቻቸው፣ ተመልሳ «ሰበብ ነው» አለች። ወይ ንቃዋለች፣ ወይ አስደግማበታለች ባይ ናት። ስሙን ከአፏ ሳልሰማ ስም አላወጣላትም ብላ ማለች።

ልጅቷ እኛ ቤት «አንቺ» ሆና ቀረች። ወንድሜ አኖ ከተማ ያስተምር ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ በመጣ ቁጥር እናቴ ወደ ቤተሰቦቿ መልሳት ትለዋለች። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ዝም ማለት አመጣ። ዝምታው አላማረኝም። ሙሽራዋንም አላማራትም መሰለኝ፣ ልብሷን ይዛው ከመጣችው ሳጥን አላወጣችም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነበር። እናቴ ራሷ አባቴን በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። «አንቱ» ነው፣ «የልጆቼ አባት» ነው፣ ስትናደድ ደግሞ «እኚህ ሰውዬ» ነው። ይህን ባነሳባት እኔና እሷ አንድ ነን ወይ ብላ አፈጠጠችብኝ።

ወንድሜ ባልመጣበት አንድ እሑድ እኔና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለን አባቴ በረት ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሙሽራዋ ጮኻ ጎረቤት ጠራች፣ በቃሬዛ ይዘውት ወደ ሆስፒታል ሮጡ። እኛም ወሬው መንገድ ላይ ደርሶን እየሮጥን ደረስን። በሩን ሰው ሞልቶታል። በሽተኛ ተቀባዩ ስም ካልተነገረኝ አላስገባም ይላል፤ የተሸከሙት ደግሞ «ጎጃሜው» ከማለት በቀር ስም አያውቁለትም። ተቀባዩ ወደ ሙሽራዋ ዞሮ ጠየቃት። እናቴ ከሰው ጀርባ ሆና ክንዴን ጨመቀችው።

«አየሽ፣ ዛሬ ገደለችው» አለችኝ።

ራሷ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሙሽራዋ ቀደመቻት። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና የአባቴን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራች። ግቢው ሁሉ ሰማ። አባቴን ይዘውት ሲገቡ እሷ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተሸፋፈነች። አብረው የመጡት ጎረቤታችን ባልቴት እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን አዞሩላት።

እናቴ ይህንንም ጠረጠረች። አጠገቧ ሄዳ ቆመችባት።

«ዛሬ የጠራሽው የሞተ መስሎሽ ነው?»

«እንዳይሞቱ ነው፣ ሃርሜ» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። ሃርሜ እናቴ ማለት ነው።



ወደ ማታ አባቴ ነፍሱን አወቀ። ዙሪያውን አየና መጀመሪያ የጠየቀው ስሜን ማን ጠራው ብሎ ነው፤ በሰመመኑ የሴት ድምፅ ሰምቷል። ሙሽራዋ ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት። አባቴ የአገሩን ወግ ከእኛ ሁሉ አብልጦ ያውቃል፤ እሷ መሆኗን ካወቀ ደግማ ቀና ብላ አታየውም።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

አባቴ ትክ ብሎ አያት። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ስሙን ከአፏ ሰምቶ አያውቅም።

«አንቺ?»

እኔ ነኝ አልኩ እኮ ብላ ተቆጣች። አባቴ እስኪሞት ድረስ እንደተጠራጠረ ነው።

ከዚያ ዞር ብላ፣ ሰምተነው የማናውቀውን አንድ ስም ጠርታ ለአባቴ ውሃ አምጪ አለች። የሚነሳ ጠፋ፤ ማንን እንደምትጠራ አልገባንም። እናቴ የሙሽራዋን ፊት እያየች፣ ያንኑ ስም ቀስ አድርጋ ደገመችው።

«አቤት» አለች ሙሽራዋ።