ለሁለት የቆረጥኩት መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ፒያሳ ወዳለው ወረዳ ሄጄ ነበር። ቅጹን የምትሞላው ልጅ ቀና ብላ፣ «እማማ፣ ያገቡ ልበል ወይስ ባል የሞተብዎት?» አለችኝ። የባለቤቴ አርባ ከወጣ ገና አሥር ቀኑ ነው። «ሁለቱንም ማለት አይቻልም?» አልኳት። «ቅጹ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለኝ» አለች፣ እንደ ማፈር ብላ።

እኔም በሃያ አንድ ዓመቴ እንደ እሷ ነበርኩ። አምስት ኪሎ አጠገብ በነበረች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እመድብ ነበር፤ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ነበርኩ። የአለቃችን ሕግ አጭር ነበር፦ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ካርድ፣ አንድ መደርደሪያ።

በዚያ ክረምት አንድ መሪጌታ ከአባታቸው የወረሱትን የብራና መድኃኒት መጽሐፍ በአደራ ሰጡን። የፊተኛው ግማሽ ስለ ቅጠልና ሥር ነው፤ የኋለኛው ጸሎት። ሳይንስ ነው ወይስ ሃይማኖት? ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። በሦስተኛው ቀን የተሰፋበትን ክር በምላጭ በጠስኩና ለሁለት ከፈልኩት። እንዲያውም ኮርቼ ነበር።

መጀመሪያ ያየው ማታ ማታ ፍልስፍና የሚማረው የሥራ ባልደረባዬ ገዛኸኝ ነው።

«ምን አደረግሽ?»

«መደብኩት።»

«የት ይቀመጥ ከማለትሽ በፊት፣ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሻል?»

«አንተ ደግሞ! በፍልስፍና ካርድ አይሞላም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «መሪጌታ እኮ መጽሐፉን ሊያዩ አርብ ይመጣሉ» አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሥራዬ ይቅር፣ የሰው አደራ አጥፍቻለሁ።

ሐሙስ ምሳችንን ትተን፣ ገዛኸኝ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በገዛው ሰም የተቀባ ክር መልሰን ሰፋነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሱ ይይዛል፣ እኔ እወጋለሁ። ስፌቱ ጠማማ ሆነ።

አርብ ዕለት ለመሪጌታ ራሴ ነገርኳቸው። ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት።

«ልጄ፣ ዶሮ ትሠሪያለሽ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«አሥራ ሁለቱን ብልት ስታወጪ ቢላው የሚገባው መገጣጠሚያው ላይ ነው። አባቴ ያለዚህ ጸሎት ይህን ቅጠል ቆርጦ አያውቅም። መገጣጠሚያ በሌለበት ነው የቆረጥሽው።»

እንባዬ መጣ። መጽሐፉን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «እዚሁ ይቀመጥ። ከእንግዲህ ካንቺ በላይ የሚጠነቀቅለት የለም።» ለአለቃችን አልከሰሱኝም። ገዛኸኝ በሳይንስም በሃይማኖትም ሥር እንዲገኝ ሁለተኛ ካርድ ጻፈለት፤ አለቃችን ቢያጉረመርሙም ተዉት።

ገዛኸኝን በዓመቱ አገባሁት።

በወረዳዋ ልጅ አልፈርድም፤ ቅጽ መሞላት አለበት። ባል የሞተባት ብላ መዝግባ በትሕትና ሸኘችኝ። እኔ ግን ዛሬም የምተኛው ከአልጋው ጠርዝ ላይ ነው፤ ለእሱ ቦታ ትቼ። አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ እሱ የቱ ጋ እንዳበቃ፣ እኔ የቱ ጋ እንደምጀምር እፈልጋለሁ። ቢላው የሚገባበትን ቦታ ገና አላገኘሁትም።