በር ላይ የቀረው ውሻ

እናቴ፤ ታላቅ ወንድሜ፤ እኔ፤ ቤቷን በቤታችን የለወጠችው ሴትዮ፤ አንድ ልጇ፤ ከእነሱ ጋር አልሄድም ብሎ የቀረው ውሻቸው። ነገሩ ውስጥ የነበርነው እኛ ነን። ልጆቼ "ውሻ እናሳድግ" ባሉኝ ቁጥር ለምን እንደምቆጣ ይወቁት።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ወጣት ይታደን ነበር። በምንኖርበት ፒያሳ ያሉት የአብዮት ጠባቂዎች ወንድሜን በመልኩ ያውቁታል። እናቴ ወደማይታወቅበት ሰፈር ልታሸሸው ፈለገች። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴትዮ ቤት መለወጥ እንደምትፈልግ ሰማች። ለቀበሌ ሳይነገር ተስማሙ።

"ለገበያው ልቅረብ ብዬ ነው" አለች ሴትዮዋ።

"እኔም ለውሃው" አለች እናቴ።

የሰው ገመና መጠየቅ ነውር ነውና በዚሁ ተለያዩ።

አዲሱ ቤት የእርጥብ አፈርና የላምባ ሽታ ነበረው። አመሻሽ ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጁን ሲሸፍን፣ ውሻው ብድግ ይልና ጅራቱን በቆርቆሮው በር ላይ ይመታል። ኳ፣ ኳ። የሚመጣ ሰው ግን የለም።

"አዑዙ ቢላሂ! ማንን ነው የሚቀበለው?" ትላለች እናቴ።

ወንድሜ እየሳቀ ከራቱ ይቆርስለታል።

"ነጃሳ ነው፣ አትንካው!"

"እማ፣ እሱም እንደኛ ሰፈር ጠፍቶበት ነው።"

እያደር ውሻው የሚቀበለው ወንድሜን ሆነ።

አንድ ምሽት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ወጡ። የሴትዮዋን ልጅ ፈልገው ነው፤ ለካ እሷም የምታሸሸው ኖሯል። ወዲያው ወንድሜ ከውጭ ሲገባ ውሻው ዘሎ ደረቱ ላይ ወጣ።

"ወላሂ የዚህ ቤት ልጅ አይደለም!" አለች እናቴ።

"ታዲያ ማነው?"

ስሙን ብትነግራቸውም አያድነውም፤ እውነተኛ ስሙም ይፈለግ ነበር።

"ውሻው እንዲህ የሚሆነው ለእንግዳ ነው?" ብሎ አንዱ ሳቀ።

ወሰዱት። አልተመለሰም።

ይሉኝታ ሰው ይገድላል እላለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም ብሆን ሴትዮዋን ለምን ቤት እንደምትለውጥ አልጠይቃትም ነበር።

ሴትዮዋ ለለቅሶ መጥታ እናቴ እግር ላይ ወደቀች። "ልጄ በልጅሽ ተረፈ!" እናቴ አነሳቻት። "ያኑርልሽ። ውሻውን ግን አልሰጥሽም።"

ከዚያ በኋላም ውሻው በየምሽቱ በሩን ይመታ ነበር። እናቴ ነጃሳ ያለችውን እያጎረሰች አብራው በሩን ታያለች።

የሁላችንም ዋጋ ሲደመር ይኸው ነው፤ ወንድሜ ሕይወቱን፣ እናቴ እንቅልፏን፣ ሴትዮዋ በልጇ መደሰትን ከፈሉ። እኔም እስከ ዛሬ፣ ሲመሽ በር ኳ ካለ፣ "ማነው?" ብዬ መጠየቅ አልችልም።