የተገዘትኩት ከሲጋራ ነበር

የንስሐ አባታችን ሲጋራ እንዳላጤስ የገዘቱኝ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጅ አልመጣ ሲል ባለቤቴ የካ ሚካኤል ወዳለው ቤታችን ጠራቻቸውና፣ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «ከእንግዲህ ሲጋራ በአፍህ እንዳይዞር፤ ገዝቼሃለሁ!» አሉኝ። ቃሌን ጠበቅሁ። በሳምንቱ ሾላ ገበያ አጠገብ ካለ ሱቅ ቬፕ የሚሉትን በባትሪ የሚሠራ ማጤሻ ገዛሁ።

አትሳቁ። ቬፕ እሳት የለው፣ አመድ የለው፤ ሽታው እንጆሪ ነው። የተገዘትኩት ከሲጋራ እንጂ ከእንፋሎት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠበቃ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሌባ ነጻ ባወጣሁ! ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም። መኪናዬ ውስጥ ብቻ፣ መስኮት ከፍቼ ነበር የምስበው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የተመረመረችው እሷ ናት። ደም ሰጠች፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ ኪኒን ዋጠች። እናቴ በየበዓሉ «ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» ትለኛለች። እኔ ምን ሆኜ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና እኔም ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ተደብቄ ተመረመርኩ። የዘር ሕዋሴ ቁጥሩ አንሷል፤ ያለውም እንቅስቃሴው ደካማ ነው። ሸምገል ያሉት ሐኪም ውጤቱን ሰጥተውኝ «ታጤሳለህ?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! ቬፕ ብቻ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ኒኮቲኑ እኮ ያው ነው፤ የወንድ ዘር ይጎዳል። ችግሩን ያመጣው ይሄ ብቻ ነው ብዬ አልምልልህም፤ ቬፕ አዲስ ነገር ነው፣ ገና ያልታወቀ ብዙ አለ። አንተ ግን ዛሬውኑ ጣለው። ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እናያለን።»

ጣልኩት። በሁለተኛው ቀን ሌላ ገዛሁ። ልጄን በገዛ ትንፋሼ እያስቀረሁት ይሆናል እያልኩ እስባለሁ። እንዲህ ያለ ተስፋ መቁረጥ አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን እንጦጦ ጠበል ወሰድኳት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷ ለመጠመቅ የሴቶቹ ሰልፍ ውስጥ ስትገባ፣ እኔ የምርመራውን ወረቀት በኪሴ ይዤ ባሕር ዛፉ ሥር መኪና ውስጥ ቀረሁ። ስትመለስ ሁሉንም እነግራታለሁ አልኩና፣ ድፍረት ይሁነኝ ብዬ ቬፑን ሳብኩ።

ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ መጣች። ገና በሩን ስትከፍት «ምንድን ነው እንጆሪ እንጆሪ የሚሸተው?» አለችኝ።

«የመኪና ሽቶ ነው።»

ጋቢዋን ተከናንባ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ዛሬ እግዜርን ልጅ ስጠኝ አላልኩትም» አለችኝ። «አንተን ከሲጋራ ስላላቀቀልኝ ብቻ አመሰገንኩት። ችግሩ የእኔ ሆኖ፣ አንተ ለእኔ ብለህ ሱስህን ተውክ።»

ወረቀቱን በኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። ከዚያ መኪናውን አስነሳሁ።